በትርፍ ክፍል ውስጥ የእንጉዳይ ድንኳን፦ ርጥቡ አየር በየት ይውጣ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ሲሆን አንዱ ክፍል ዕቃ ከማስቀመጥ ያለፈ ሥራ የለውም። እዚያ የኦይስተር እንጉዳይ ላመርት አስቤ ለ100 ከረጢት ቀብድ ልከፍል ነው። አናጢው ፍሬሙን በሞራሌ፣ መደርደሪያውን በችፑድ ሠርቶ ዙሪያውን በላስቲክ ሊሸፍንልኝ ተስማምቷል። ላስቲኩን ግድግዳው ላይ ብንመታው ይቀላል ይላል፤ አከራዬ ግን ሚስማር እንዳይነካ ብለዋል። ቤት ስቀይርም ነቅዬ ይዤው መሄድ አለብኝ። ሙቀቱና እርጥበቱ እንዳይወጣ እንዴት ጥብቅ አድርጌ ልዝጋው? ማሞቂያስ ያስፈልገዋል? የጭጋግ ማሽን ልገዛ ነው። በረንዳ አለኝ፤ ለልብስ ማስጫ ነው የምጠቀምበት። የ6 ዓመት ልጄን ብርድ ሲሆን ስለሚያስላት ቤቱ እንዲቀዘቅዝ አልፈልግም።»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እነሳለሁ፤ የቀረው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነውና። ኦይስተር እንጉዳይ ቆቡ ሲዘረጋ ከሥሩ ስፖር፣ ማለትም እንደ ዱቄት የደቀቀ የመራቢያ ብናኝ፣ ይረጫል። በገበያ ከሚታወቁት እንጉዳዮች መካከል ስፖር በማብዛት የሚስተካከለው የለም ማለት ይቻላል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሳይለቀም የቆየ እንጉዳይ ካለ በአቅራቢያው ያለው ዕቃ ላይ ነጭ ብናኝ ተኝቶ ያገኙታል። ይህን አዘውትሮ የሚተነፍስ ሰው ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ሊይዘው ይችላል፤ በሕክምናው ዓለም የእንጉዳይ ሠራተኞች የሳንባ ሕመም ተብሎ የታወቀ ነው። አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ያባብስበታል። ብርድ ሲሆን የሚነሳ ሳል አንዱ የአስም ምልክት ነው። ልጅዎ አስም አለባት እያልኩ አይደለም፤ ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። ሐኪም ሳያያት ግን በአንድ ጣሪያ ሥር እንጉዳይ ቆብ እንዲያወጣ አያድርጉ።

አሁን ወደ ድንኳኑ። «ጥብቅ አድርጌ ልዝጋው» የሚለው ሐሳብ ከሁለት የተለያዩ ደረጃዎች መደባለቅ የመጣ ይመስለኛል። ጭድ ተሞልቶ የእንጉዳይ ዘር የተዘራበት ከረጢት መጀመሪያ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከዘሩ የሚያድገው ነጭ ድር ጭዱን እስኪወርሰው ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሚፈልገው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ብርሃን አይሻም፣ ክፍሉ ርጥብ እንዲሆንለትም አይጠይቅም፤ የታፈነ አየርም ይችላል፤ ስፖርም አይረጭም። ስለዚህ ድንኳን አያስፈልገውም፣ ተራ መደርደሪያ ይበቃዋል። ድንኳኑ የሚያስፈልገው ከረጢቱ ተቀድዶ እንጉዳዩ መውጣት ሲጀምር ነው። ያኔ ሁኔታው ይገለበጣል፦ ከ85 እስከ 95 በመቶ እርጥበት፣ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃንና ብዙ ንጹሕ አየር ይፈልጋል። እንጉዳይ እንደኛ ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጥብቅ አድርገው ከዘጉት በራሱ ትንፋሽ ይታፈንና እግሩ ረዝሞ ይቀጥናል፣ ቆቡ ሳንቲም አክሎ ይቀራል። «ዘሩ መጥፎ ነው» ተብለው ከሚመጡልኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ ይኸው የአየር እጦት ናቸው።

ማሞቂያውን ይተዉት። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቤት ውስጥ ቀን ቀን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ የሚሆነው አየር ለኦይስተር ፍሬ ማውጫ የተመረጠ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ምርቱ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ከዚያ ይልቅ ማሞቂያው አየሩን ያደርቅብዎታል፤ ውሃ በሚረጭበት ላስቲክ ውስጥ የጋለ ነገር ማስቀመጡም የእሳትና የኤሌክትሪክ አደጋ ነው።

ላስቲኩን ግድግዳ ላይ መምታት ሚስማር ቢፈቀድልዎም ትክክል አይሆንም ነበር። 20 ዲግሪ ሙቀትና 90 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 18 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። የኮንዶሚኒየም የውጭ ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ሌሊት ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል። ላስቲክ ደግሞ ውሃ እንጂ ቅዝቃዜ አይከለክልም። ስለዚህ ላስቲኩ የሽሮ ድስት ክዳን ይሆናል፦ በውስጥ በኩል ያንጠባጥባል። ጠርዙ ላይ ሾልኮ የሚወጣው እንፋሎት ከላስቲኩ ጀርባ ይገባና ግድግዳው ያልባል። በሁለት ወር ውስጥ ከቀለሙ ሥር ጥቁር ሻጋታ ያወጣል፤ የማይታይ ቦታ ስለሆነ ቤቱን ሲለቁ ነው የሚያውቁት። የአከራዩ ክልከላ ጠቅሞዎታል። ድንኳኑ ከየትኛውም ግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በራሱ እግር የቆመ መሆን አለበት። እጅ ገብቶ የሚጠርግበት፣ ዓይን የሚያይበት ክፍተት ይኑር።

ስለ ብዛቱም የሚነገር አለ። አንድ ከረጢት እርጥቡን 2.5 ኪሎ ቢመዝን 100 ከረጢት 250 ኪሎ ነው፣ ከነፍሬሙ 280 ይጠጋል። ለመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ ነው። ከሦስት ሩብ ካሬ ሜትር በማይበልጥ መደርደሪያ ላይ 280 ኪሎ መቆለል ከዚህ በእጥፍ ገደማ ያልፋል። ክብደቱን ቦታ አስፍተው ቢፈቱት እንኳ የ100 ከረጢት ትንፋሽና ስፖር ከመኖሪያ ቤት ጋር አይስማማም። ቀብዱን ለ30 ብቻ ይክፈሉ። ከ30 ከረጢት ደግሞ ምን ይገኛል? 2.5 ኪሎ ከረጢት ውስጥ ደረቁ ነገር 850 ግራም ገደማ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ከደረቁ ክብደት ከግማሽ እስከ ሙሉ የሚሆን እንጉዳይ በሁለት ሦስት ዙር ይለቀማል። ለጀማሪ ወደ ታችኛው ጫፍ ቢጠጋ፣ በጠቅላላው ከ13 እስከ 18 ኪሎ ማለት ነው። ለመማርም፣ ለጎረቤት ለመሸጥም ይበቃል። ከረጢቱን ግን ዘር የተዘራበትን ይግዙ። ጭድ በበርሜል ውሃ ቀቅሎ ማዘጋጀት 3ኛ ፎቅ ላይ ባለ ኩሽና የሚሞከር ሥራ አይደለም፣ ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር።

ሞራሌና ችፑዱን ለአናጢው ይመልሱለት። ኦይስተር በዱር የሚኖረው በሞተ እንጨት ላይ ነው፤ ምግቡ እንጨት ነው። 90 በመቶ እርጥበት ውስጥ ያለ ሞራሌ መጀመሪያ አረንጓዴ ሻጋታ ይይዛል፣ ቆይቶ የራስዎ እንጉዳይ ድሩን ይሰድበታል። ችፑድ ደግሞ ውሃ ሲነካው እንደሚያብጥ የኩሽና ቁም ሣጥን ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የፒቪሲ የውሃ ቱቦ አይሻግትም፣ ቀላልም ነው፤ ነገር ግን ላስቲክ ለመሸከም እንጂ 75 ኪሎ ለመሸከም አይሆንም፣ መሐሉ ይጎብጣል። ቱቦላሬ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ብየዳው ነው። የተበየደ ፍሬም በኮንዶሚኒየም ደረጃ አይዞርም፣ ቤት ሲቀይሩ እዚያው ትተውት ይሄዳሉ።

የምመርጠው ሱቆች ዕቃ የሚደረድሩበትን ባለ ቀዳዳ አንግል ብረት ነው፣ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነውን። መርካቶ ያሉ ብረት ሻጮች በፈለጉት ቁመት ይቆርጡልዎታል። በ13 ቁልፍ የሚታሰር ብሎንና ዳዶ ብቻ ይበቃዋል፤ ሲፈርስ ረጅሙ ቁራጭ 2 ሜትር ስለሆነ በደረጃም በሚኒባስ ጣሪያም ይሄዳል። ልኩ ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1.60 ሜትር ይሁን፤ ከዚህ አያስረዝሙት። ግድግዳ ላይ ማሰር አይችሉም፤ ቤቱ ውስጥ የምትንጠላጠል ልጅ አለች። ሦስት መደርደሪያ፣ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ከረጢት፣ በመካከላቸው መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት። ከጀርባና ከሁለቱ ጎን አንዳንድ ሰያፍ ብረት ይግባበት፤ ያለሰያፉ ባለ ቀዳዳ አንግል ይወዛወዛል፣ ብሎኑን ምን ቢያጠብቁት። ሰያፉን ጨምሮ 26 ሜትር አካባቢ ብረት ይወስዳል። የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ በአንቲረስት ይቀቡና ሽታው እስኪለቅ በረንዳ ላይ ይተዉት። የመደርደሪያው ወለል የሽቦ መረብ ይሁን፤ ውሃውም ይወርድ፣ አየሩም ይለፍ። ከነጭነቱ 105 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ በካሬ ሜትር ከ150 በታች። ከሥሩ ጠርዙ ሦስት ሳንቲ ሜትር የታጠፈ የላሜራ ትሪ ያስቀምጡ፤ በየእግሩ ሥር ደግሞ የሴራሚክ ቁራጭ። ትሪው ከ2ኛ ፎቅ ጎረቤት ጋር ያለዎትን ፍቅር ይጠብቃል።

ላስቲኩ ወፈር ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። ሙጫም ስቴፕልም አያስፈልገውም፤ በፕላስቲክ የልብስ መቆንጠጫ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ይያዛል። የብረቱ ማዕዘን ላስቲኩን እንዳይቀደው አሮጌ የውሃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቀው ያልብሱት። በሩን በዚፕ ለማሠራት አይድከሙ፤ ሁለት መጋረጃ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተደራርበው ከፊት ይንጠልጠሉ፣ ታችኛው ጫፋቸው ላይ ክብደት ይጠቅለልበት።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፦ አየሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ሰው ሁሉ የሚያደርገው ፋን ወደ ውስጥ እንዲነፋ መግጠም ነው። እንዲህ ሲሆን ላስቲኩ ይነፋና ርጥቡ አየር ከነስፖሩ በየስፌቱ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ፋኑ የሚስብ እንጂ የሚነፋ አይሁን። ከድንኳኑ ላይኛው ክፍል ስቦ፣ በቱቦ አድርጎ፣ በመስኮት ወደ ውጭ ይጣል። ያኔ ድንኳኑ ከክፍሉ አየር ይስባል፣ በክፍተቱ ሁሉ ፍሰቱ ወደ ውስጥ ይሆናል። ፋኑ ሲሠራ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ካለ ትክክል ነው፤ ካበጠ ገልብጠው ይግጠሙት። የአየሩ መግቢያ ታች፣ ከትሪው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሁለት እጥፍ አጎበር የተሸፈነ ይሁን፤ ነጠላው አጎበር የእንጉዳይ ትንኝን አያግድም።

ድንኳኑ 1.2 ኪዩቢክ ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ቢቀየር ጥሩ ነው፣ ከ10 ኪዩቢክ ሜትር በታች ማለት ነው። ለዚህ የመታጠቢያ ቤት ፋን ከልክ በላይ ነው፣ ሁሉን ያደርቅብዎታል። 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ12 ቮልት የሚሠራ የኮምፒውተር ፋን ይበቃል፤ በየ15 ደቂቃው በሚቆረጥ ተሰኪ ታይመር በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ያሠሩት። እርጥበት ባለበት ቦታ 12 ቮልት ከ220 የተሻለ ነው፣ አዳፕተሩና ዲቫይደሩ ግን ከድንኳኑ ውጭ፣ ከወለል ከፍ ብለው ይቀመጡ። ቱቦው የሚወጣበትን መስኮት አንድ ቅጠል ከፍተው ክፍተቱን በፎም ሰሌዳ ይዝጉ፣ ሰሌዳው ላይ ክብ ቀዳዳ ይውጣለት፤ ሲለቁ ይነቀላል። ከፋኑ በፊት የትራስ ፋይበር በስሱ ዘርግተው በየሳምንቱ ይቀይሩት፣ ከስፖሩ የተወሰነውን ይይዛል። ወደ ኮሪደር ወይም ወደ መታጠቢያ ቤቱ የጋራ አየር ማውጫ ግን ፈጽሞ አይልቀቁ፤ የጎረቤት ልጅም ሳንባ አለው። መብራት ሲጠፋ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው መስኮቱን ይክፈቱ። ጥቂት ሰዓት ፋን ባይኖረው እንጉዳዩ አይሞትም።

የጭጋግ ማሽኑን አይግዙ። ለ30 ከረጢት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ መርጫ ላስቲኩንና ትሪውን ማርጠብ ይበቃል፤ በክረምት አንዴም ይበቃል። ውሃው በቀጥታ ቆቡ ላይ ከተኛ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል። ገንዘቡን በእርጥበት መለኪያ ላይ ያውሉት፣ አንዱ ለድንኳኑ፣ አንዱ ለክፍሉ። ርካሾቹ መለኪያዎች ስለሚዋሹ መጀመሪያ ይፈትኗቸው፦ በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርገው እንደ ሊጥ እስኪሆን ብቻ በውሃ ያርጥቡት፣ ከመለኪያው ጋር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ዘግተው ያሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 68 ካነበበ ሁልጊዜ 7 እየደመሩ ይጠቀሙበት። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈልግዎት የክፍሉ መለኪያ ነው። ክፍሉ ከ60 በመቶ አልፎ ቀናት ከቆየ ድንኳኑ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ የሚታየው ምልክት ጠዋት የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል ማላቡ ነው። ይህን ካዩና ማስተካከል የማይቻል ከሆነ ከረጢቶቹ ከክፍሉ ይውጡ። «እስኪለቀም ልታገሥ» አይባልም።

እስካሁን የተናገርኩት በረንዳ ለሌለውና ቤቱ ውስጥ ሳል ለሌለበት ሰው ነው። ለእርስዎ ምክሬ የተለየና ቁርጥ ያለ ነው፦ ክፍሉ ድር ማሰራጫ፣ በረንዳው ፍሬ ማውጫ ይሁን። ከረጢቶቹ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በትርፍ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይቆዩ። ነጭ ሲሆኑ ወደ በረንዳው ድንኳን ይውጡ። ፍሬሙ ያው ራሱ ነው፣ አንድም ብረት አይቀየርም፤ ከግድግዳ ያልታሰረ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ፋኑም ቱቦውም ይቀራል፤ ላስቲኩን ከታችና ከላይ መዳፍ ያህል ክፍት መተው ይበቃል። በበጋ ነፋሱ ስለሚያደርቅ ውሃ መርጨቱ በቀን ወደ አራት ጊዜ ከፍ ይላል። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ከሆነ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ይበስላል፤ ነጭ አንሶላ ወይም የጥላ መረብ ይጣልበት። ፍሬሙን ከመከለያው ሳይሆን ወደ ቤቱ ግድግዳ ጠጋ አድርገው፣ 30 ሳንቲ ሜትሩን ክፍተት ግን ጠብቀው ያቁሙት፤ ልጅዎ ተንጠላጥላበት ከመከለያው በላይ እንዳትደርስ የበረንዳው በር ይቆለፍ። ወደ ቤት የሚያስገባው በርና መስኮት ደግሞ በለቀማ ቀናት ዝግ ይሁን። ልብሱ ሌላ ቦታ ይሰጣ። አከራዩንና የጋራ መኖሪያ ቤቱን ማኅበር አስቀድመው ይጠይቁ፤ በረንዳ ላይ ምን ይቀመጣል የሚለው የማኅበሩ ደንብ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ የልጅቱ ሳል አስም ነው ካለ ግን በረንዳውም ቢሆን ለመኝታ ክፍሏ መስኮት ቅርብ ከሆነ ይቅር። ያኔ ድንኳኑ የሚተከልበት ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ግቢ ያለው ዘመድ ቤት፣ ይፈልጉለት።

ስለ ለቀማው ሁለት ነገር። የቆቡ ጠርዝ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ፣ ጠፍጣፋ ከመሆኑ በፊት ይልቀሙ። ስፖሩ ብዙ የሚፈስሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንጉዳዩም ያኔ ይገረጅፋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሲለቅሙ ኤን 95 ማስክ ያድርጉ፣ የጨርቁ ማስክ ለዚህ አይሆንም። አረንጓዴ ያወጣ ከረጢት ካዩ ሳይከፍቱት በፌስታል ጠቅልለው ያውጡ። የነፍሳት መድኃኒት ድንኳኑ ውስጥ አይረጭም፤ የሚረጩት ነገር ሳህን ላይ ይመለሳል። በሁለት ዙር መካከል ላስቲኩን በበረኪና ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። እርጥቡን አጥፈው ካስቀመጡት ለቀጣዩ ዙር ሲዘረጉት ሻጋታው ቀድሞ ይጠብቅዎታል።